የፎቶ ፊልም እስከ መቼ ይመረታል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድሮ ካሜራ አንገቴ ላይ ሲያዩ ሰዎች የሚጠይቁኝ ስለ ካሜራው አይደለም። ስለ ፊልሙ ነው። «ይሄ ነገር አሁንም ይሠራል እንዴ? ማን ነው የሚሠራው?» ደጋግሜ የምመልሰውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ የፎቶ ፊልም ዛሬም ይመረታል?

አዎ፣ ይመረታል። አሜሪካ ውስጥ ሮቸስተር ከተማ ኮዳክ አለ። እንግሊዝ አገር ሞበርሊ በምትባል መንደር ሃርማን የኢልፎርድን ጥቁርና ነጭ ፊልም ይሠራል። ቼክ ሪፐብሊክ ያለው ፎማ ከ1921 ጀምሮ የቆየ ድርጅት ነው። ጀርመን አዶክስና ኢኖቪስኮት አሉ። ጣሊያን ፌራኒያ፣ ጃፓን ፉጂፊልም፣ ቻይና ደግሞ ለኪ አሉ።

ሲቆጠሩ ብዙ ይመስላሉ። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ግን በዋናነት የሚሠሩት ጥቁርና ነጭ ነው። የቀለም ፊልም ሲባል ዝርዝሩ ወዲያው ያጥራል። ዛሬ ዓለም ላይ የሚሸጠው የቀለም ነጋቲቭ አብዛኛው የሚወጣው ከሮቸስተር ነው። ከ2021 ወዲህ አሜሪካ የሚሸጠው የፉጂፊልም 200 ሳጥን ላይ እንኳ «በአሜሪካ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ አለ። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው።

ገበያው የወደቀው ምን ያህል ነው?

ፊልም በዓለም ላይ ከምንጊዜውም በላይ የተሸጠው በ2000 ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ ከአሥር እጁ አንድ እጅ እንኳ አልቀረም። ሌላው መለኪያ የብር ማዕድን ነው። በ1999 ፎቶ፣ ራጅና የፎቶ ወረቀት አንድ ላይ ከ200 ሚሊዮን አውንስ በላይ ብር ይፈጁ ነበር። ዛሬ ከ30 ሚሊዮን በታች ነው።

ኮዳክ ከስሮ ተዘግቶ የለም እንዴ?

ከስሯል፤ አልተዘጋም። ይህን ጥያቄ በሳምንት አንዴ ሳልጠየቅ አልቀርም፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ላስረዳ።

በጥር 2012 ኮዳክ ከአበዳሪዎቹ የሚከለልበትን የኪሳራ ጥበቃ ከአሜሪካ ፍርድ ቤት ጠየቀ። በመስከረም 2013 ከዚያ ወጣ። ሲወጣ ግን አንድ ሆኖ አልወጣም። የእንግሊዝ ቅርንጫፉ ሠራተኞች የጡረታ ፈንድ ከኮዳክ 2.8 ቢሊዮን ዶላር እፈልጋለሁ ይል ነበር። ኮዳክ ይህን የሚከፍልበት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ለፈንዱ የፎቶ ፊልም ንግዱን አስረከበው። ኮዳክ አላሪስ የሚባለው ድርጅት የተወለደው እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ፊልሙን ሮቸስተር ያለው ዋናው ኩባንያ፣ ኢስትማን ኮዳክ፣ ሲያመርት አላሪስ ይሸጥ ነበር። ሣጥኑ ላይ ያለው ስም አንድ፣ ባለቤቱ ሁለት።

በ2024 የጡረታ ፈንዱ አላሪስን ለአንድ የአሜሪካ ባለሀብት ኩባንያ ሸጠው። በ2025 ደግሞ ኢስትማን ኮዳክ ኮዳከለር የሚለውን የድሮ ስም አንሥቶ ሁለት ፊልሞችን በራሱ ማከፋፈል ጀመረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ኩባንያው ዕዳውን በወቅቱ ስለመክፈሉ እርግጠኛ እንዳልሆነ በሒሳብ ሪፖርቱ ጻፈ። «ኮዳክ ሊዘጋ ነው» የሚለው ወሬ በየቦታው የተናፈሰው ያኔ ነው። ኩባንያው የመዝጋት ሐሳብ የለኝም ብሎ መልስ ሰጥቷል። የገንዘብ ጭንቀቱ እውነት ነው። የፊልም ክፍሉ ግን ትእዛዝ አጥቶ አይደለም የተጨነቀው።

በነገራችን ላይ በ1982 ኮዳክ በሮቸስተር ብቻ 60 ሺህ ያህል ሠራተኛ ነበረው። በ2007 የዚያው ግቢ ትልልቅ ሕንፃዎች በፈንጂ ሲፈርሱ የቀድሞ ሠራተኞች ቆመው ይመለከቱ ነበር። ቪዲዮው አለ። እኔ ሁለቴ ማየት አልቻልኩም።

ፊልም መሥራት ይህን ያህል ከባድ ነው? ፕላስቲክ ላይ ኬሚካል መቀባት አይደለም?

ነገሩስ ያው ነው፤ ፕላስቲክ ላይ ኬሚካል መቀባት። አቀባቡ ግን ሌላ ነው።

መሠረቱ አሲቴት የሚባል ግልጽ ፕላስቲክ ነው። ከእንጨት ወይም ከጥጥ ከሚገኝ ሴሉሎስ ይሠራል። በላዩ ላይ የሚቀባው ኢመልሽን ይባላል። ከከብት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ጄላቲን ነው፤ ውስጡ በዓይን የማይታዩ የብር ጨው ቅንጣቶች ተበትነዋል። ብርሃን የሚይዙት እነሱ ናቸው። የቅንጣቶቹ መጠንና ቅርጽ ትንሽ ቢዛነፍ የፊልሙ ጠባይ ይለወጣል።

ጄላቲኑ ራሱ ጉድ አለው። በ1920ዎቹ ከአንዱ ጄላቲን ለብርሃን ንቁ የሆነ ፊልም ይወጣል፣ ሌላው ደግሞ ፈዞ ይቀራል። ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም። ኮዳክ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሳሙኤል ሼፓርድ መርምሮ ደረሰበት። ጥሩው ጄላቲን የመጣው ሰናፍጭ ከበሉ ከብቶች ነበር። በሰናፍጩ ውስጥ ያለው ድኝ ከከብቱ አልፎ ጄላቲኑ ውስጥ ገብቷል፣ ከዚያም የብር ቅንጣቶቹን ለብርሃን ንቁ አድርጓቸዋል። ከብቱ የበላው ሣር ፎቶ ላይ ይታያል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ነው።

ንጽሕናውም እንደዚያው ነው። በሐምሌ 1945 አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ የመጀመሪያውን የአቶሚክ ቦምብ ሞከረች። ብዙም ሳይቆይ የኮዳክ የራጅ ፊልሞች ነቁጥ ማውጣት ጀመሩ። ተፈልጎ ሲገኝ ጥፋቱ የማሸጊያው ካርቶን ነበር። ካርቶኑ የተሠራው እጅግ ርቆ፣ ኢንዲያና ውስጥ ነው። የቦምቡ ብናኝ በነፋስና በዝናብ ወንዝ ውስጥ ገብቶ፣ ውሃው ካርቶን ፋብሪካው ደርሶ ነበር። በሩቅ በረሃ ለፈነዳው ቦምብ ፊልሙ መሰከረ።

አሁን ወደ ቀለም ፊልም እንምጣ። ከአሥራ ሁለት በላይ ስስ ሽፋኖች አሉት። አንዱ ለሰማያዊ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለቀይ ብርሃን፣ በመካከላቸው ደግሞ መለያዎች። ሁሉም ተደርበው ውፍረታቸው ከአንድ የሰው ፀጉር ያንሳል። ሽፋኖቹ አንድ በአንድ አይቀቡም። ብዙዎቹ አንድ ላይ እየፈሰሱ፣ ሳይቀላቀሉ፣ እየሮጠ በሚያልፍ ፕላስቲክ ላይ ያርፋሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ነው። ሠራተኛው ማሽኑን በእጁና በጆሮው ያውቀዋል።

ታዲያ ገበያው ካነሰ ለምን ትንሽ ትንሽ አያመርቱም?

የሁሉም ነገር ቁልፍ ይህ ጥያቄ ነው።

ለሺህ ሰው ድግስ የሚያገለግል ጎላ ድስት አስቡ። ውስጡ የሁለት ሰው ወጥ ሥሩ ብትባሉ ምን ይሆናል? እሳቱ ያው ነው። ማገዶው ያው ነው። ወጡ ግን ከድስቱ ታች ተጣብቆ ያራል። ኮዳክ ያለው ማሽን እንዲህ ዓይነት ጎላ ነው። የተሠራው ዓለም በሙሉ በፊልም ፎቶ በሚያነሣበት ዘመን ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ማሽኑ የሚቀባው ፕላስቲክ ስፋቱ 1 ሜትር ከ37 ያህል ነው። 36 ፎቶ የሚያነሣ አንድ ጥቅል 35 ሚሊሜትር ስፋትና ከአንድ ሜትር ተኩል የሚያልፍ ርዝመት አለው። አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ቢቀባ ከ20 ሺህ በላይ ጥቅል ይወጣል። ለእንዲህ ያለ ማሽን አንድ ኪሎ ሜትር ምንም አይደለም። ገና ሲነሣ፣ ቅቡ እስኪስተካከል ድረስ ያለው ፊልም ይጣላል። የምጣድ ማሟሻ በሉት። እንጀራ የምትጋግር ሴት አንድ ማሟሻ ጥላ ሃምሳ ብታወጣ ያዋጣታል። ሁለት ብቻ የምታወጣ ከሆነ ግን ማሟሻው ራሱ ኪሳራ ነው።

አንድ ጊዜ በብዛት ቀብቶ ለአሥር ዓመት ማስቀመጥም አይሆንም። ፊልም ያረጃል። ቅዝቃዜ ዕድሜውን ያራዝመዋል እንጂ አያቆመውም።

ኬሚካሉም ሌላ ራስ ምታት ነው። አንድ ፊልም ውስጥ የሚገቡት ኬሚካሎች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹን ከፊልም ሠሪ በቀር የሚገዛቸው የለም። ድሮ በቶን የሚገዛ ደንበኛ ዛሬ በኪሎ ሲመጣ አቅራቢው «ይቅርብኝ» ይላል። ፉጂፊልም በ2018 አክሮስ የተባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልሙን ሲያቆም ከምክንያቶቹ አንዱ ጥሬ ዕቃ ማጣት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ተተኪ ዕቃ ፈልጎ አክሮስ ሁለትን አመጣ። ያንን ለማድረግ አቅሙ ያለው ግን ሁሉም አይደለም።

ትልቅ ስም እንኳ አያድንም። የጀርመኑ አግፋፎቶ ከእናት ኩባንያው ተለይቶ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ2005 ከሰረ። የሌቨርኩዘን ፋብሪካው ተበታተነ። ከተበታተኑት ሠራተኞች ጥቂቶቹ አቅራቢያው ባለች ከተማ ኢኖቪስኮትን አቋቋሙ። አዶክስም ከአግፋ የተረፈ ትንሽ የሙከራ ማሽን ገዛ። ልብ በሉ፤ ከትልቁ ፋብሪካ የተረፈው ትንሿ ማሽን ናት።

የተዘጋ ፋብሪካ ተመልሶ ሊከፈት ይችላል?

ይችላል፤ ግን ያስከፍላል። ሁለት ቡድኖች ሞክረው አይተናል፤ ሁለቱም ዛሬም አሉ።

ፖላሮይድ በ2008 ፈጣን ፊልም፣ ማለትም ፎቶው እዚያው ከካሜራው የሚወጣበትን ፊልም፣ ማምረት አቆመ። ጥቂት ሰዎች ኔዘርላንድስ ኤንስኬዴ የነበረውን የመጨረሻ ፋብሪካ ማሽኖች ገዙ። ማሽኑ ነበር። ሠራተኞቹም ነበሩ። ኬሚካሉ ግን ከገበያ ጠፍቷል። ስለዚህ ቀመሩን ከዜሮ መጀመር ነበረባቸው። በ2010 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች ከካሜራው ሲወጡ ወዲያው በእጅ ካልተከለሉ ብርሃን ያበላሻቸው ነበር። ቀለሙም እንደ ፈለገ ይሆን ነበር። ደንበኛው ግን ታገሠ፣ ገዛ። ዛሬ ኩባንያው ፖላሮይድ የሚለውን ስም ራሱ ይዟል።

ፌራኒያ ደግሞ በ2014 ከሕዝብ ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ሰብስቦ ሊፈርሱ የነበሩ ማሽኖችን ለማትረፍ ተነሣ። ቃል የገባው የቀለም ስላይድ ፊልም ነበር፤ ሲታጠብ እንደ ነጋቲቭ ሳይገለበጥ ምስሉ በትክክለኛ ቀለሙ የሚወጣበት ማለት ነው። በ2017 የመጣው ግን ፒ30 የሚባል ጥቁርና ነጭ ነው። ብዙ ሰው ተቆጣ። እኔ አልፈርድባቸውም። እነሱም መሠረት ያደረጉት ትልቁን ፋብሪካ ሳይሆን የቀድሞውን የምርምር ሕንፃና እዚያ ያለውን ትንሽ ማሽን ነው። አካሄዱ ትክክል ነበር፤ ጊዜውን ነው ያልገመቱት።

ፉጂፊልም ለምን አልወደቀም?

ፊልም ሲሠራ ያካበተውን እውቀት ወደ ሌላ ዕቃ አዞረው። የአሲቴት ፕላስቲክ አሠራሩን ወደ ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ስክሪን ሽፋን ለወጠ። ጄላቲን ኮላጅን ነው፤ ስለ ኮላጅን የሚያውቀውን ይዞ በ2007 አስታሊፍት የሚል የፊት ቅባት አወጣ። ኢንስታክስ የሚባለው ፈጣን ካሜራውም በ2018 በአንድ ዓመት 10 ሚሊዮን ያህል ተሽጧል። ኩባንያው ተረፈ። ተራው የፊልም ጥቅል ግን በዚያ ቤት ውስጥ የእንጀራ ልጅ ሆኖ ቀርቷል፤ በየጊዜው አንዱ ዓይነት ይቀነሳል።

የሆሊውድ ሲኒማ ከእኔ ካሜራ ጋር ምን አገናኘው?

በጣም ያገናኘዋል። ያን ጎላ ድስት የሚሞላው ሲኒማ ነው። አንድ ፊልም ሲቀረጽ የሚበላው ጥሬ ፊልም በሺዎች ሜትር ይቆጠራል።

ፉጂፊልም በ2013 የሲኒማ ፊልም ማምረት ሲያቆም ከትልልቆቹ ኮዳክ ብቻውን ቀረ። እሱም ሊዘጋ ቋፍ ላይ ነበር። ያኔ ክሪስቶፈር ኖላን፣ ኩዌንቲን ታራንቲኖና ጄ.ጄ. ኤብራምስን የመሳሰሉ ዳይሬክተሮች ጮኹ። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች በየዓመቱ የተወሰነ ፊልም ለመግዛት ከኮዳክ ጋር ተስማሙ። ኖላን በ2023 ላወጣው ሥራው ደግሞ ኮዳክ ከዚያ በፊት ያልነበረ፣ ግዙፍ ስክሪን ላለው አይማክስ ሲኒማ የሚሆን ባለ 65 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ሠርቶለታል። እናንተ ለልጃችሁ ልደት የምትገዙት ጥቅል የሚቀባው በዚያው ማሽን ነው። ሲኒማው ቢቆም ያ ማሽን ለእኛ ለብቻችን አይነሣም። ሰዎች የሲኒማ ባለሙያዎቹን ግትርነት እንደ ቅንጦት ሲያዩት ይከፋኛል።

ዋጋው ለምን እንዲህ ናረ?

የብር ማዕድን ዋጋ በ2025 አይቶት የማያውቀው ጣሪያ ላይ ደረሰ። ከኮቪድ በኋላ ደግሞ ወጣቶች ወደ ፊልም ጎረፉ፤ ፋብሪካው ግን ሰው አሰናብቶ ጨርሶ ነበር። መቀባቱ ሳይሆን መቁረጡና ማሸጉ አነቀው። ኮዳክ በ2022 አዳዲስ ሠራተኞች መቅጠሩን ተናገረ። በኅዳር 2024 ደግሞ ማሽኖቹን ለማደስ ምርቱን ለጥቂት ጊዜ አቆመ። አምስት ጥቅል እገዛበት በነበረ ገንዘብ ዛሬ ሁለት እገዛለሁ፤ ያማል። ግን ርካሹ ዋጋ የመጣው በቢሊዮን የሚቆጠር ጥቅል ይሸጥበት ከነበረው ዘመን ነው። ያ ዘመን አይመለስም።

ኮዳክሮም ይመለሳል?

አይመለስም። ይህ ዝነኛ የኮዳክ የቀለም ስላይድ ፊልም በ2009 ቆመ። ቀለሙ የሚጨመረው ሲታጠብ ስለነበር ማጠቢያው ራሱ ፋብሪካ ያህል ነው። የመጨረሻው ማጠቢያ ቤት፣ ካንሳስ ውስጥ፣ በታኅሣሥ 2010 መቀበል አቆመ። ኤክታክሮም የተባለው ሌላው የኮዳክ ስላይድ ፊልም ግን ከቆመ በኋላ በ2018 ተመልሷል።

አዲስ ነገር የሚሞክር አለ?

አለ፤ ደስ የሚለኝም እዚህ ላይ ነው። ሃርማን በ2023 መጨረሻ ፊኒክስ የተባለ የመጀመሪያ የቀለም ፊልሙን አወጣ። ሻካራ ነው፤ ጥላው ይጠቁራል። ሠሪዎቹም «ገና ነው» ብለው በግልጽ ነበር ያወጡት። በ2025 ሁለተኛው መጣ፤ ብዙ ተሻሽሏል። በዚያው ዓመት የቻይናው ለኪ ከአሥር ዓመት በላይ ትቶት የነበረውን የቀለም ፊልም መልሶ ገበያ ላይ አዋለ። በ2024 ፔንታክስ አዲስ የፊልም ካሜራ ሠራ። ለአንድ ፎቶ የተለመደውን የፊልም ቦታ ግማሹን ብቻ ስለሚጠቀም ከባለ 36 ጥቅል 72 ፎቶ ይወጣል። የፊልም ዋጋ ለተወደደበት ሰው የታሰበበት ካሜራ ነው።

ታዲያ ከ20 ዓመት በኋላስ?

እኔ እንደማየው ጥቁርና ነጭ አይጠፋም። አሠራሩ ቀለል ይላል፤ በትንሽ ማሽንም ይሆናል፤ የሚሠሩትም በተለያየ አገር ናቸው። ስጋቴ የቀለም ፊልም ነው። የዓለም የቀለም ፊልም አብዛኛው በአንድ ግቢ ውስጥ ባለ አንድ ማሽን ላይ ተንጠልጥሎ፣ ያንን ማሽን የሚያውቁት ሰዎች ወደ ጡረታ እየሄዱ ነው። ስለዚህ ፊኒክስን ሻካራ ነው ብላችሁ አትናቁት። እኔ ከምገዛው ሦስት ጥቅል አንዱ እሱ ነው። ሁለተኛ ፋብሪካ ቀለም መሥራት እንዲለምድ የሚያደርገው ገዢ ነው።

ቤት ውስጥ ያልታጠበ የድሮ ጥቅል አገኘሁ። አሁን ይታጠባል?

አገር ቤት የቡፌ መሳቢያ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥቅል የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ከሠርግ የተረፈ፣ ከክርስትና የተረፈ።

ቆርቆሮውን አዙራችሁ አንብቡ። «ሲ-41» (C-41) የሚል ካለ ይታጠባል። ኮዳክም ይሁን ፉጂ ወይም ከፎቶ ሥራ የወጣው ኮኒካ ለውጥ የለውም፤ ማጠቢያው አንድ ነው። «ኢ-6» (E-6) ካለ ስላይድ ነው፤ የሚያጥብ ቤት መፈለግ ይጠይቃል እንጂ ይታጠባል። ኮዳክሮም ከሆነ ቀለሙ አይወጣም፤ በጥቁርና ነጭ ግን ምስሉን ማውጣት የሚችሉ አሉ። ቀለሙ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ሰዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ይታያሉ። ጫፉን ስባችሁ ለማየት አትሞክሩ፤ ይቃጠላል። ወደ ውጭ የሚልኩት ከሆነ በሚሄድ ሰው የእጅ ሻንጣ ይሁን፤ ኤርፖርት ላይ ደግሞ በራጅ ሳይሆን በእጅ እንዲፈተሽ ይጠይቁ።